የማይከረፋው ቅቤ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

እስከዳር የመጣችው ተረት ልትሰማ አልነበረም። የሦስት ወር ልጇን አዝላ፣ ከሱቅ የገዛችውን የሕፃን ቅባት በእጇ ይዛ ነው የመጣችው። እትዬ ጥሩወርቅ በሰፈሩ ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ ሴት ናቸው፤ እስከዳርንም ራሷን ያዋለዷት እሳቸው ነበሩ። የጠየቀቻቸው ይህን ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ቅባት ሦስት ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል ተብሎ ተጽፎበታል። እንዳይበላሽ የሚጨምሩበት ነገር ለሕፃን ገላ ጥሩ አይደለም የሚሉኝ አሉ። ጎረቤቶቼ ግን ሁሉም ልጆቻቸውን ይቀባሉ። የታመመ አላየሁም። ፍርሃቴ ከንቱ ነው ወይስ ልፍራ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ዕቃውን ተቀብለው አገላበጡት። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ከመድቀቁ የተነሣ ዓይናቸው ሊለየው አልቻለም። መስኮቱ ላይ አስቀመጡትና ታሪኩን እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የራስ ቅቤ ማሰናዳት ነው። ለጋ ቅቤ ከደጋ እያስመጣ፣ በአደስና በቅርንፉድ እያሸ፣ በትንንሽ ቅል ሞልቶ ይሸጥ ነበር። ሙሽራ ስትዳር ከእሱ ይገዛል። ሴት ስትወልድ ከእሱ ይገዛል። የሕፃን እርግብግቢት የሚቀባው ከእሱ ቅቤ ነበር።

አገሩ ቆላ ነው። ቅቤው ከአሥራ አምስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይከረፋል። ሰውየው ይህን አይደብቅም ነበር። ለገዛ ሁሉ «በአሥራ አምስት ቀን ጨርሱት፤ ከዚያ ካለፈ ለኩራዝ አድርጉት» ይል ነበር። ያም ሆኖ የከረፋ ቅል ይዘው ተመልሰው ደጁ ላይ የሚጮኹ አልጠፉም። አንዳንድ ቀን ከሠራው እኩሌታውን ይደፋ ነበር። ይህ ነገር ልቡን አደከመው።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ነጋዴ መጣ። ከኮሮጆው ነጭ ዱቄት አወጣ። «ከዚህ አንድ ቁንጥር በአንድ ገንቦ ቅቤ ላይ ጨምር። ክረምት ከበጋ አይከረፋብህም» አለው።

ሰውየው ዱቄቱን አየው። ሽታ የለውም። ቀለሙም እንደ ማንኛውም ዱቄት ነው።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ጠባቂ ነው» አለ ነጋዴው።

«ከምን ይጠብቃል?»

«ከመበላሸት ነዋ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ሰውየው ሌላ የሚፈልገው ነበረው። ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ፈልጎ ነበር። ሰው ገላ ላይ ሲሆን ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት ብቻ ሦስት ገንቦ ደፍቶ ነበርና ጥያቄውን ዋጠው። ዱቄቱን ገዛ።

ነጋዴው እውነቱን ነው። ቅቤው አልከረፋም። አንድ ወር ቆየ፣ ሁለት ወር ቆየ፣ ልክ የታሸ ዕለት እንደነበረው ሆኖ ተገኘ። ሰዉ ተደነቀ። ከሩቅ ገበያ ሰዎች እየመጡ በአህያ ይጭኑ ጀመር። ሰውየው «በአሥራ አምስት ቀን ጨርሱት» ማለቱን ተወ። የሚያስቸኩል ነገር አልነበረምና።

ከሁሉ በፊት ነገሩን ያየችው ሚስቱ ናት። ቅቤውን የምታሸው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ጠርታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ወለሉ ላይ ቅቤ ፈሶ ነበር። ጉንዳኖች በግድግዳው ሥር ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ቅቤው ጋ ሲደርሱ ሰልፉ ለሁለት ይከፈላል፤ ዞረውት ያልፋሉ። አንድም የነካው የለም።

«እየው» አለችው። «ድሮ እኮ ቅቤ ከጉንዳን የምናድንበት አጥተን ነበር።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለ። «ከጉንዳንም ይጠብቃል ማለት ነው።»

እሷ እጇን ከነጠላዋ ሥር ወሸቀች። ሰውየው ይህን አየና እጇን ስቦ ገለጠው። በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታይ ነበር።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ቆይቷል። የልብስ ሳሙናው ይሆናል።»

«ሳሙናው ነው» አለ እሱም ቶሎ ብሎ።

ሁለቱም ሳሙናው እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የእጇ ነገር በዚያ ቤት አልተነሣም። እሷ እጇን በጨርቅ እየጠቀለለች ታሻለች። እሱ ወደ ጨርቁ አያይም።

ልጄ፣ ፍርሃት ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ በር አንኳኩቶ አይገባም። ይህ ሰው ፈራሁ ብሎ አያውቅም። ነገር ግን ሳያስበው አንድ ነገር ያደርግ ጀመር። ለገበያ የሚሆነውን ካሰናዳ በኋላ፣ ዱቄት ያልገባበት ጥቂት ቅቤ ለብቻው አሽቶ በአንዲት ትንሽ ቅል ያስቀምጣል። እሱም ሚስቱም የሚቀቡት ከዚያች ቅል ነው። ለምን እንደሚያደርገው ለራሱ አልተናገረም። ሚስቱም አልጠየቀችውም። ለሰው ሁሉ የሚሸጠውን እሱ ራሱ ትቶት ነበር፤ እንደተወው ግን ለማንም አልነገረም።

ገበያው እየራቀ ሲሄድ አንዱ ቁንጥር ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ እፍኝ ሆነ። አንዲት ሴት መጥታ «ራሴን ያሳክከኛል» ስትለው «ለሰውነትሽ አልተስማማም ይሆናል» አላት። ሌላዋ «የልጄ ግንባር ሽፍ አለ» ስትለው «ሙቀቱ ነው» አላት።  ከዚያ ራሱን ያጽናናል። «ስንት ሺህ ሰው ይቀባዋል! መርዝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሬሳ በየደጁ በተጋደመ ነበር» ይላል። ሬሳ አለመኖሩን እንደ ምስክር ቆጠረው።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ተጉዛ ሌላ አገር ተድራለች። እሷም ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። መልእክት በደረሰው ጊዜ ሰውየው ደስታው ወሰን አጣ። ዱቄት የሌለበትን ቅቤ በገዛ እጁ አሽቶ፣ ቅሏን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። ሚስቱ አብራው ልትሄድ ብትፈልግም እጇ ልጓም መያዝ አልቻለም ነበርና ቀረች።

ሲደርስ ሕፃኑ ሃያ ቀን ሆኖታል። እልልታ ጠብቆ ነበር። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ሴት ልጁ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገርጥቷል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት።

«ማርያም ታኑርህ፣ አባባ» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልጁ ግን ደኅና አይደለም።»

ሕፃኑን ገልጣ አሳየችው። ራሱ በሙሉ ቀልቷል። እርግብግቢቱ ዙሪያ ቆዳው ተልጦ ውሃ ይቋጥራል። ጡት ይይዝና ሁለት ጊዜ ስቦ ይተዋል። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል። ሲያለቅስ ድምፁ አይወጣም፤ አፉ ብቻ ይከፈታል።

አማቷ አጠገቧ ቆማለች። ጨዋና ለጋስ ሴት ናት። «ዓይን ነው ያየው» አለች። «ጠበል አስረጭተነዋል። እኔም በበኩሌ ከራሱ ላይ ቅቤ አጉድዬበት አላውቅም። ጠዋትና ማታ እቀባዋለሁ። በዚህ አገር ካለው ቅቤ ሁሉ የተሻለውን ነው የገዛሁለት። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንኳ አልከረፋም።»

ይህን ብላ ከመደርደሪያው ላይ ቅል አወረደች። ሰውየው ቅሉን ከሩቅ አወቀው። የቅሉ አንገት የታሰረበት ገመድ የራሱ እጅ ያሰረው ነው።

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አማቲቱ መንገዱ አድክሞት መስሏት በርጩማ አቀረበችለት። ተቀመጠ። በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያሰበውን ኋላ ራሱ ተናግሯል። ንጹሑ ቅቤ ኮርቻው ላይ አለ። ቅሉን በቅል ቢለውጠው ማንም አያውቅበትም። ሕፃኑ ቢድን «አያቱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ተሻለው» ይባላል። ስሙም አይጠፋም፤ ገበያውም አይዘጋም፤ ሴት ልጁም አትጠላውም። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝም ማለት ደግሞ ለምዶታል።

በዚህ መካከል አንዲት ጎረቤት ገባች። የስምንት ቀን አራስ ናት። ልጇን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋታለች። «እማማ፣ ከዚያች ከማትከረፋው ቅቤ ትንሽ ቢሰጡኝ? ለዚህች እርግብግቢት» አለች።

«ምን ገዶኝ፣ ልጄ! ላንቺ ያልሆነ» አለችና አማቲቱ ጣቷን ቅሉ ውስጥ ነከረች። ጣቷ ሙሉ ቅቤ ይዞ ወጣ። ሴቲቱ የልጇን ራስ ገልጣ አቀረበች። ገና ፀጉር ያላበቀለ፣ ከመሳሳቱ የተነሣ ትርታው ሲመታ የሚታይ ራስ ነው።

«እንዳይነካት!» ብሎ ሰውየው ጮኸ።

ከበርጩማው ተነሥቶ የአማቲቱን ክንድ ያዘ። ቅሉን ከእጇ ነጥቆ ወደ ደጅ ወረወረው። ቅሉ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። በቤቱ ያለ ሁሉ አበደ ብሎ ደነገጠ። ሁለቱም ሕፃናት አለቀሱ፤ አንዱ በድምፅ፣ አንዱ ያለ ድምፅ።

«ምን ነካህ?» አለች አማቲቱ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። «ያን ቅቤ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የሠራኸውን ትሰብራለህ? ምን አለበት?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አላውቅም ትላለህ? የሠራኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ውስጡ የጨመርኩትን ግን አላውቀውም። እንዳይከረፋ የሚያደርግ ዱቄት ነው። ከምን እንደተሠራ አልጠየቅሁም። እኔ ቤት አንቀባውም።»

ልጁ ቀና ብላ አየችው። «እናንተ አትቀቡትም?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ለእኔ ሳትነግረኝ?»

ሰውየው ያመጣትን ትንሽ ቅል ከኮርቻው ላይ አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረ። ልጁ በእግሯ ገፋችው።

ውሃ አሞቁ። የሕፃኑን ራስ በለብታ ውሃ ቀስ እያሉ አጠቡት። ቅቤው ቶሎ አልለቅም አለ፤ ሦስቴ አጠቡት። ከዚያ በኋላ ራሱን ምንም ሳይነኩት ተዉት። አራት ቀን ሙሉ ሰውየው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሕፃኑን ደረት ፉጨት ሲያዳምጥ ዋለ። ፉጨቱ ሲቆም ሞተ ብሎ ይነሣል፤ ሲጀምር ይቀመጣል። ውሃ አልጠጣም ማለት ይቻላል። እንዲገባ የጠራው አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት ይዞ አልለቅም አለ። በአሥረኛው ቀን በድምፅ አለቀሰ። ዳነ። ሰውየው ሲሰናበት ሕፃኑን ልቀፈው ብሎ እጁን ዘረጋ። ሴት ልጁ ግን ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። እሱም እጁን መልሶ በቅሎውን ጫነ።

አሁን ስሚኝ፣ ልጄ፣ ይህን ታሪክ የምፈራው ከዚህ በኋላ ስላለው ነው።

ሰውየው ቤቱ አልሄደም። ቅቤው የተሸጠበትን ገበያ ሁሉ እየዞረ «ጣሉት» ይል ጀመር። አንዳንዱ ሳቀበት። አንዳንዱ ሰደበው። «ሌላ ሊሸጥልን ነው» ያሉም ነበሩ። ሁሉንም ቻለው። በአንዱ ገበያ ግን አንዲት ሴት ከሰው መካከል ወጥታ ፊቱ ቆመች። አልተቆጣችም። በቀስታ ነው የጠየቀችው።

«ሴት ልጄ ባለፈው ክረምት ሞተችብኝ። የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። ከዚህ ቅቤ እቀባት ነበር። ከእሱ ነው?»

ሰውየው አፉን ከፈተ። ነው ሊላት አልቻለም፤ አያውቅም። አይደለም ሊላት አልቻለም፤ አያውቅም። ክረምት ላይ ስንት ሕፃን በሳል ይሞታል። ስንቱ ደግሞ ያን ቅቤ ተቀብቶ ይስቃል፣ ይድኻል። የልጁ ልጅ እንኳ የታመመው በቅቤው ይሁን በሌላ ማን ሊመሰክር ይችላል?

«አላውቅም፣ እናቴ» አላት።

ሴቲቱ ጥቂት ቆማ ጠበቀች። ሌላ ቃል የሚጨምር መስሏት ነበር። ከዚያ ዞራ ሄደች። እያለቀሰች ይሁን አይሁን ከኋላ አይታይም ነበር።

ከዓመት በኋላ ያ ነጋዴ ተመልሶ መጣ። ሰውየው ነጠላውን ጨምድዶ ያዘው። «ምንድን ነበር የሰጠኸኝ?» አለው።

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ነጋዴው። «እኔም ከሌላ ነጋዴ ነው የገዛሁት። አልጠየቅሁትም። አንተስ ጠይቀኸኝ ነበር?»

ሰውየው ለቀቀው።

ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው ቅቤ እያሸ ኖረ። በአሥራ አምስት ቀን ይከረፋል፤ የተረፈውን ይደፋል። የሚስቱ እጅ እየቆየ ጠገገ። ገበያው ግን እንደቀድሞው አልሆነለትም። «ያ የማይከረፋው የለህም?» እያሉ የሚመጡ ነበሩ፤ የለም እያለ ይመልሳቸው ነበር። ሕፃን የታቀፈች ሴት በደጁ ባለፈች ቁጥር፣ ሕፃኑ ካሳለ፣ ሰውየው ሥራውን አቁሞ ሳሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት አረጀ። ለጠየቀችው ሴት መልስ ሳያገኝላት ሞተ።

እትዬ ጥሩወርቅ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። የእስከዳር ልጅ በጀርባዋ ላይ ተኝታለች። እስከዳር ሳታስበው እጇን ወደ ኋላ ልካ የልጅቷን ራስ ይዛ ነበር።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዲህማ ከሆነ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ሁሉ መርዝ ነው ማለት ነው?»

«እንደሱ አልወጣኝም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ስንት ጊዜ የሻገተ ቅባት የተቀባ ሕፃን ቆስሎ አምጥተውልኛል። መበላሸትም ይገድላል። ውሃ ያለበት ቅባት ያለ ጠባቂ አይቆይም። ጠባቂውም እንደ ሰው ነው፤ ምንም የማያደርግ አለ፤ ቆዳ የሚልጥ አለ፤ ነገሩ ገና ያልተለየ፣ አዋቂዎቹም ገና የሚከራከሩበት አለ። እኔ ያንቺ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ዓይኔም አላነበበውም። አላውቅም ለማለት አላፍርም። ሰውየውን ያጠፋው አለማወቁ አይደለም፤ ሳያውቅ ለሰው መሸጡ ነው።»

ከመስኮቱ ላይ ዕቃውን አንሥተው እጇ ላይ አኖሩት።

«ፍርሃቴ ከንቱ ነው ወይ ብለሽኛል። ከንቱ አይደለም። ግን ፈርተሽ ዝም ብትዪ እንደዚያ ሰው ትሆኛለሽ፤ እሱም ፈርቶ ነበር። ጎረቤቶቼ አልታመሙም አልሽኝ፤ እሱም ሬሳ አላየሁም ይል ነበር። ይህን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። መድኃኒት ቤትም ሂጂ። ከጀርባው የተጻፈውን አንድ በአንድ ያንብቡልሽ፤ ይህ ምንድን ነው፣ ለሕፃን ይሆናል ወይ በያቸው። የማያውቁት ካለ ሌላ ጠይቂ። አውቀሽ ከቀባሽ ቀቢ። እስክታውቂ ድረስ ልጅሽ በለብታ ውሃ ብትታጠብ ምንም አይጎድልባትም።»

እስከዳር ዕቃውን አየችው።

«ልጄ፣ ያንቺ ነገር እንደዚያ ቅቤ ነው። የሸጠልሽ ባለሱቅ ከሌላ ገዝቶታል። ያ ሌላው ከሌላ ገዝቶታል። ማን ጠይቆ ማን እንዳልጠየቀ አንቺም እኔም አናውቅም። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ከአንቺ ቀጥሎ ያለችው ደግሞ፣ ይቺ ጀርባሽ ላይ የተኛችው፣ መጠየቅ አትችልም።»